የጉልበቴ ስም

አሰላሙ ዐለይኩም ልጄ ናጃህ። ያለሽበትን የሰው አገር አላህ ያለስልስልሽ፤ ክፉ ዓይን አይይሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ላሟም ወልዳለች።

ጉልበቴ ያበጠ ጊዜ ጎረቤታችን የሙባሪክ እናት «የሐሰት መሐላ ይዟት ነው» ብላ ከሴቶቹ የእንሰት ደቦ እንዳስወጣችኝ ታስታውሻለሽ። ከዚያ ወዲህ እንሰቴን የምፍቀው ብቻዬን ነው። ሰሞኑን ቡታጅራ ያየኝ ሐኪም ግን «አርትራይተስ ነው» አለኝ። የግሪኮች ቃል ነው አሉ። «አርትሮን» መገጣጠሚያ ማለት ነው፤ የቃሉ ጅራት ደግሞ መቆጣቱን ይናገራል። የተቆጣ መገጣጠሚያ፣ በቃ! መሐላ የሚባል ነገር የለበትም።

ዘንድሮ የሙባሪክ እናትም ጣቶቿ አብጠው የእንሰት መፋቂያ መያዝ አቃታት። ትናንት ሹልክ ብላ መጥታ «ሐኪሙ ምን አለሽ?» ትለኛለች።

«ስሙን ያወጣሽለት አንቺ አይደለሽ? ሂጂና በሐሰት የማልሽውን ለሴቶቹ ንገሪያቸው» አልኳት። አንገቷን ደፍታ ሄደች። ጨካኝ አትበይኝ፤ ደስ ብሎኝ አደርኩ።

አላህ ዓይንሽን ያሳየኝ። የኔ ልጅ፣ የጉልበቴን ቅባት ስትልኪ ሁለት አድርጊው። በአንዱ ጉልበቴን አሻለሁ። በሌላው እሷ እያየች የበሩን ማጠፊያ እቀባለሁ፤ እሱም መገጣጠሚያ ነው።

እናትሽ