በቁሟ የተለቀሰላት

ሐረር፣ አቦከር
ሚያዝያ 11 ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰንብተሃል? የአንተን ጤና እንኳ መጠየቅ አያሻኝም፤ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን አይሃለሁ፣ ወፍረሃል። እኔ ተመስገን አለሁ። ስለ እማዬ ከመንገሬ በፊት ግን ከቴአትርህ ልነሳ።

የመጀመሪያውን ስትጽፍ አሥራ ሰባት ዓመትህ ነበር። መጋረጃህ የእማዬ አልጋ ልብስ ነበር። እሷም ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬና እርድ ስትሸጥ ውላ፣ በድካሟ ላይ መጥታ ከኋላ ቆማ ታይህ ነበር። በሁለተኛው ቴአትር ስም አገኘህ፤ በስሙ ሥልጣን አገኘህ። ከዚያ ወዲህ የሚያጨበጭብልህ እንጂ የሚያይልህ ሰው አጣህ። ባለፈው ዓመት ራስህ ስትተውን መድረክ ላይ ተመትተህ ስትወድቅ እንኳ፣ በደብዳቤ የተጠሩት ሠራተኞችህ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። እኔ በአንተ ፈንታ አፈርኩ።

ከዚያ ይህ የመጨረሻው መጣ፤ ልጇን እንደናፈቀች የሞተችው የአቦከሯ እናት። ነፃነት የምትባለው ተዋናይት እንደ እማዬ መቀነቷን አጥብቃ ወጣች። በሚታደለው ወረቀት ላይም «ለውድ ሟች እናቴ» ብለህ አሳተምክ። ደውዬ ምን ነካህ ብልህ፣ ተመልካች ለሞተች እናት እንጂ በርበሬ ለምትሸጥ አያለቅስም ብለህ ሳቅክ። ስለሰደብኩህ ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም።

እማዬ ማንበብ እንደማትችል ታውቃለህ። ልጄ ስለ እኔ ምን ብሎ ጻፈ ስትለኝ፣ «ለውድ እናቴ» ብዬ አነበብኩላትና አንዷን ቃል ዋጥኳት። ይህ የእኔ ኃጢአት ነው፣ አልክድም። ወረቀቱን በብብቷ ሸጉጣ ሰፈሩን አዞረችው። ጎረቤታችን ሐሊማ ተቀብላ አነበበችና፣ ማሻአላህ፣ አላህ ያቆይሽ ብላ ከመለሰችላት በኋላ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ አንብቦ ዝም አለ።

እማዬ የወደቀች ዕለት ቢሮህ ደወልኩ። ጸሐፊህ ልምምድ ላይ ናቸው አለችኝ። እናታቸው በጠና ታማለች በይልኝ ብላት ተቆጣች፤ የእሳቸው እናት ካረፉ ቆይተዋል፣ በሞተ ሰው ስም መነገድ አያሳፍርሽም ወይ ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። አልፈርድባትም፤ የአለቃዋን ጽሑፍ አምና ነው። በማግስቱ ከሸዋ በር ባጃጅ ይዤ ቢሮህ ድረስ መጣሁ። ዘበኛህም ያንኑ ነግሮኝ ከበር መለሰኝ። እማዬ ሦስት ቀን ሙሉ የጫማ ኮቴ በሰማች ቁጥር ከትራሷ ቀና ትል ነበር። ስብሰባ በዝቶበት ነው እያልኩ ዋሸኋት፤ እሷም አመነችኝ።

ይህን የምጽፍልህ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ነው። ሐሊማ ካጠገቤ አልተለየችም፤ ከሥጋ ዘመድ በላይ ሆናልኛለች። አንጀቴ እስኪበርድ ልረግምህ አስቤ ነበር፤ እማዬ ግን አፌን ዘግታዋለች። «ከሰው ፊት አያሳፍረው፣ ድምፁን አይዝጋው» ብላ መርቃሃለች። ምርቃቷን አድርሺ ስላለችኝ አደረስኩ።

አርባዋ ግንቦት አሥራ ሦስት ይውላል። የድሬዳዋው ትርኢትህም የዚያኑ ዕለት መሆኑን በራዲዮ ሰምቻለሁ። ቀን ለውጥ አልልህም። አንተ እርምህን ካወጣህ ቆይተሃል።

የእናትህ ልጅ