ዘይቷ የማይጎድል መኪና

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ሙሽራው ዛሬም ዘይት ለካ። ለካ ከተባለ።

ከመስኮቴ ሆኜ አየሁት። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ኮፈኑን ከፈተ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ። ጨርቅ የለ፣ መጥረግ የለ። ወደ ፀሐይ አንስቶ አየውና መልሶ ሰካው። "ሙሉ ነው" አለ። ለማን እንደሚናገር እንጃ። ለሞተሩ ይሆናል።

ልጄን ካገባ አሥረኛ ዓመቱ ነው። እኔ ግን አሁንም ሙሽራው ነው የምለው፤ መኪና ሥር ሲገባ እንኳ ፎቶ ሊነሳ የተሰናዳ ይመስላል። የጭነት መኪናዋ የእኔ ነበረች። ዕድሜዬን ሙሉ አብረን ዞረናል፤ አሮጊቷ እላታለሁ። ዓይኔ ሲደክም ቁልፉን ለእሱ ሰጠሁት። ዓይኑ የደከመ ሰው እንዲህ ያለ ስህተት ይሠራል።

ዘይት መለካት ምን ጥበብ አለው? ሜዳ ላይ ታቆማለህ። ሞተሩን ታጠፋለህ፤ ዘይቱ ወደ ቋቱ እስኪወርድ ትታገሣለህ። ትመዛለህ፣ ትጠርጋለህ፣ ትሰካለህ፣ እንደገና ትመዛለህ። ዘንጉ ላይ ሁለት መስመር አለ። በመካከላቸው ከሆነ ኮፈንህን ዘግተህ ወደ ሥራህ። ከታችኛው ከወረደ ትጨምራለህ። ከላይኛው ካለፈ... ዓይን ያለው ሰው አያሳልፍም። በቃ ይኸው ነው። ፍየል እንኳ ብታስተምራት ትይዘዋለች። ጣት የላትም እንጂ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

እራት ላይ። ሙሽራው ከመንገድ መግባቱ ነበር። ሞተሩ ገና እሳት ሆኖ ሳለ ለክቶ ነው የገባው፤ አየሁት።

"አሮጊቷ እኮ ጉድ ናት፣ አባባ። ዘይት የሚባል አትበላም። ስንት ጊዜ ሆነኝ ጠብታ ሳልጨምርባት!"

"እሺ።"

"ኧረ እንዲያውም ትጨምራለች!"

ሳቀ። በራሱ ቀልድ።

"ሊጥ መሰለችህ ኩፍ የምትል?" አልኩት። "እርሾ አድርገህባት ይሆናላ።"

ልጄ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። የልጅ ልጄ ግን ወተቷ በአፍንጫዋ እስኪወጣ ሳቀች። ስድስት ዓመቷ ነው። በዚህ ቤት ቀልድ የሚገባት እሷ ብቻ ናት። ሙሽራው አንገቱን ደፍቶ መብላቱን ቀጠለ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ነክቼው ዝም፣ ደግሜው ዝም። ከበሮ እንኳ ሲመቱት ይመልሳል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ከምሳ በኋላ ሙሽራውን ሸለብ ሲያደርገው ወጣሁና ለካሁ። በደንቡ ነዋ! ከላይኛው መስመር አንድ ጣት አልፏል። አንድ ሙሉ ጣት!

ትርፍ ዘይት ምን እንደሚያደርግ ማን ይንገረው? ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ብረት ይደርስበትና እንደ እንቁላል ይመታዋል። አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ብረት አያለሰልስም። ማሸጊያ ጎማውን ገፍቶ ይወጣል፣ የተረፈው ጭስ ይሆናል። "ብዙ ይሻላል" የሚል ደንቆሮ ሁሉ ሞተር የሚገድለው በዚህ ነው።

ቀሰቀስኩት።

"ምን ያህል ነው የደፋህባት?"

"የምኑን?"

"የሽቶውን! የዘይቱን እንጂ የምኑን ይሆናል?"

"አልጨመርኩም፣ አባባ።"

"ታዲያ ማን ጨመረው? መልአክ ወርዶ?"

"እኔ አልጨመርኩም።"

ከዚህች ቃል ንቅንቅ አልል አለ። እኔ ስንት ዓይነት ስድብ አዋጥቼ እሱ አንዲት ቃል። ወንድ ልጅ ቢያንስ ይቆጣል እኮ...

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ትርፉን አስቀዳሁት። ወንበር አስወጥቼ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። የሰሞኑ ጉንፋን ስላልለቀቀኝ አፍንጫዬ እንደ ሱቅ በር ተዘግቷል። እሱ ከሥር ገብቶ የዘይት መውረጃውን ቡሎን ላላ አደረገ፤ ዘይቱ በክንዱ ተንዶለዶለ። ነጩ ሸሚዝ አለቀለት። ደስ አለኝ።

"አባባ፣ ቀጠን ያለ አይመስልዎትም?"

"የቀጠነስ ያንተ አንጎል ነው። ሞቆ ነው። ዝጋው!"

ዘጋው። ለካን፤ ከሁለቱ መስመሮች መሃል። የዘይቱን ጀሪካን ወስጄ አልጋዬ ሥር ከተትኩት። እስቲ አሁን ምኑን እንደሚጨምር አያለሁ።

ልጄ አንሶላ ልትቀይር ገብታ "ምን ይሸታል እዚህ?" አለች። እርጅና ነው አልኳት።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ዘይቱ ወጥቷል! እንደገና ከመስመሩ በላይ!

ጀሪካኑ አልጋዬ ሥር አለ፣ አልተነካም። ስለዚህ ሌላ ገዝቷል። ደብቆ ገዝቶ፣ ደብቆ ጨመረ። ምን ዓይነት ሰው ነው ተደብቆ የሚያጠፋ? ሌሎች ባሎች ተደብቀው ይጠጣሉ፤ የእኛው ተደብቆ ዘይት ይጨምራል።

ምሳ ላይ ሁሉም ባሉበት "ውሸታም" አልኩት። ውሃ ቀዳና ጠጣ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ጠዋት በሩ ላይ። ልጅቷ ጫማዋን አጥልቃ አባቷ ፊት ቆመች።

"አባቢ፣ ውሸታም ነህ እንዴ? አያቴ ነው ያለው።"

ሙሽራው ተንበረከከ። የጫማዋን ክር አሰረላት። ግራውን... ከዚያ ቀኙን። ክር ለማሰር ያን ያህል ይቆያል? ከዚያ ተነሳና ወጣ።

ሳቄ መጣ። ሳል አቋረጠኝ።

ልጄ ክፍሌ ገብታ በሩን ዘጋች። ከእናቷ የወረሰችው ነው። በር ዘግታ በቀስታ ስትናገር እፈራታለሁ።

"አባዬ፣ ልጄ አባቷን መናቅ ከአንተ እንድትማር አልፈልግም።"

"እኔ እኮ ስለ ዘይቱ..."

"ስለ ዘይቱ አይደለም። አሥር ዓመት ሙሉ ስለ ዘይት ሆኖ አያውቅም። ከዛሬ ጀምሮ ስለ መኪናዋ አንዲት ቃል ብትተነፍስ፣ ሻንጣህን አዘጋጅቼ ወንድሜ ጋ ነው የማደርስህ።"

ወንዱ ልጄ ጋ! አራተኛ ፎቅ! መስኮቱ የሚያየው የሌላ ሰው መስኮት ነው። ሚስቱ ደግሞ ሶፋውን ላስቲክ አልብሳዋለች፤ ብድግ ስትል ላስቲኩም አብሮህ ብድግ ይላል። እሱም ቢሆን ሲያወራ እንቅልፍ የሚያመጣ ነው። እዚያ ሄጄ ማንን እሰድባለሁ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

አልተናገርኩም። ጥርሴን አመመኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

ሙሽራው ሲሚንቶ ጭኖ መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ይሄዳሉ፤ ሦስቱም። ትልቁን ዳገት ወጥቶ ማዶ ያራግፋል፤ በዚያው ልጄንና ልጅቷን እናቱን ሊያሳያቸው። ልጅቷ ከአሁኑ አሻንጉሊቷን ጋቢናው ውስጥ ቦታ አስይዛለች። እኔ ቤት ጠባቂ። ውሻ ቢኖረን እሱ ይሄድ ነበር፣ እኔ እቀር ነበር።

እራት ላይ "ዘይቱን..." ብዬ አፌን ስከፍት ልጄ ማንኪያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ማንኪያ ሲቀመጥ እንዲህ ይጮሃል? ሾርባዬን ጠጣሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

መናገር ነው የተከለከልኩት። መለካት ማን ከለከለኝ? ቤቱ ባዶ ሲሆን ማስረጃ ልይዝበት ወጣሁ። አሮጊቷ ጭነቷን ይዛ በሩ ጋ ሜዳው ላይ ቆማለች፣ ቀዝቅዛለች። መዘዝኩ፣ ጠረግኩ፣ ሰካሁ፣ መዘዝኩ። አሁንም አልፏል። "ያዝኩህ!" ልል ስል...

ጠብታው ከዘንጉ ጫፍ እንደ ውሃ ወረደ። ዘይት እንዲህ አይሮጥም። በሁለት ጣቴ አሸሁት፤ ልስላሴ የለውም። ጉንፋኑ ትናንት ለቆኛል። አሸተትኩት።

ናፍጣ።

ደግሜ አሸተትኩት። ናፍጣ ነው። የጋዜጣ ቁራጭ ላይ ጠብ አደረግኩ፤ መሃሉ ጥቁር ሆኖ ዙሪያው የገረጣ ቀለበት እየሰፋ ሄደ።

ማንም አልጨመረም። ሞተሯ ራሷ ነዳጇን ወደ ዘይቷ እያፈሰሰች ነው። ናፍጣውን ከሚገፋው ፖምፓ ይሆናል። ይህ የቀጠነ ነገር ሜዳ ላይ ያዘግም ይሆናል። ያን ዳገት ከነሲሚንቶው ሲወጣ ግን ብረት ከብረት ይገናኛል፤ ሞተሩ ይነክሳል፣ ድርቅ ብሎ ይቆማል። መሃል ዳገት ላይ። ልጄና ልጅቷ ጋቢናው ውስጥ። ሞተር ከጠፋ ፍሬኑን የሚያሠራው አየር ምን ያህል ይቆያል?... አላስበውም።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ። ነግሮኝ ነበር እኮ! በገዛ አፉ "ትጨምራለች" አለኝ። እኔ ሊጥ አልኩት። "ቀጠነ" ብሎም ነግሮኛል። እኔ አንጎልህ አልኩት። እንግዲህ ከሁለታችን ደንቆሮው ማነው? ይሄን አልጽፈውም።

ከሰዓት ልጄን ኩሽና አገኘኋት። "ስሚኝማ፣ መኪናዋ..." "አባዬ!" ጣቷን አነሳች። ዓይኗ ቀልቷል። ወጣሁ።

ሙሽራው ማታ ገባ። በአጠገቤ አለፈ። አልነገርኩትም። ምን ብዬ ልጀምር? "አልዋሸህም" የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ላይ እንደ አጥንት ተሰንቅራለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ልጅቷን ጋቢናው ላይ ሲያወጧት ሄጄ ከመኪናዋ ፊት ቆምኩ። በፒጃማ። ዘንጉን መዝዤ ይዣለሁ።

"ዞር በሉ እንጂ፣ አባባ።"

"አልዞርም።"

ልጄ ወረደች። "ምን ብዬህ ነበር?"

"ብለሽኛል። ሻንጣዬን አዘጋጂ። ላስቲኩ ላይ እቀመጣለሁ።" ከዚያ ወደ እሱ ዞርኩ። "ና ውረድ። አሽት።"

"ምኑን?"

"ና አልኩህ!"

ወረደ። ዘንጉን ተቀበለኝ። አሸተተ። ፊቱ ተለወጠ። ጫፉን በጣቱ አሸት አድርጎ እንደገና አሸተተ። ከዚያ ቀና ብሎ ጋቢናውን አየ፤ ልጅቷ መስታወቱ ላይ አሻንጉሊቷን ታስጨፍራለች።

"ናፍጣ?"

"ናፍጣ። አንተ አልጨመርክም።"

"ምን አሉኝ?"

"ሰምተሃል።"

"አልሰማሁም፣ አባባ።"

ሰምቷል! የከንፈሩን ጫፍ አይቼዋለሁ። ይሄ ሰውዬ መቼ ነው ተንኮል የተማረው?

"አልጨመርክም! አልዋሸህም!" ብዬ ጮህኩ። የጎረቤት መስኮት ተከፈተ። ይክፈቱት።

ልጅቷ አንገቷን አወጣች። "ታዲያ ማነው የዋሸው?"

ልጄ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ሙሽራው ቁልፉን ነቀለና ኪሱ ከተተ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18

መካኒክ መጣ። ዕቃ ሲፈታ የሚያፏጭ ዓይነት። የሚያፏጭ መካኒክና የሚዘፍን ሐኪም አላምንም። ግን አገኘው፤ የፖምፓው ማሸጊያ ጎማ ተበልቶ ናፍጣውን ወደ ዘይቱ ያሳልፋል።

"ማነው ያወቀው?" አለ።

"አባባ ናቸው" አለ ሙሽራው።

"ጎበዝ አባት!"

"መጀመሪያ የነገረኝ እሱ ነው" አልኩ። መካኒኩ ማፏጨቱን ስለቀጠለ የሰማኝ አይመስለኝም። አልደገምኩትም። ሰው በሳምንት ስንት ጊዜ ይዋረዳል?

ሻንጣዬን ፈለግኩት። ልጄ ሸሚዞቼን መልሳ ሰቅላቸዋለች። አንዱን አጥባዋለች፤ የጎደለው ቁልፉም ተተክቷል።

ሰኞ፣ ኅዳር 24

ዛሬ ሄዱ። ፖምፓው ተሠርቷል፣ ዘይቱም አዲስ ነው።

ከመነሳታቸው በፊት ለካ። ሜዳው ላይ፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት፣ በጨርቅ ጠርጎ፣ ሁለቴ መዝዞ። ከመስመሮቹ መሃል ነበር። በጣቱም አሸው፣ አሸተተውም። እኔ በፒጃማ አጠገቡ ቆሜ ስህተት ፈለግኩ። አጣሁ። እንዲህ ያለ ጠዋት አይደብርም?

"አያያዝህ" አልኩት ከማጣቴ የተነሳ። "ዘንግ ነው እንጂ ዋሽንት አይደለም። ልትነፋው ነው?"

ቀና አላለም። ዘንጉን ቀስ ብሎ ሰካው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ። ከዚያ፦

"አባባ፣ ለዚህች ሞተር ከዚህ በላይ አይሞላ ተብሎ መስመር ተሰምሮላታል። ለእርስዎ ምላስ ግን ማስመሩን ረስተውታል።"

ልጄ እግሯን መወጣጫው ላይ እንዳደረገች ቀረች። አሥር ዓመት! አሥር ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ሳትወጣው!

አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። ሰማዩን አየሁ፣ ጎማውን አየሁ፣ ጫማዬን አየሁ። ባዶ። ልጅቷ ከጋቢናው "አያቴ መልስ አጣ!" ብላ አጨበጨበች። ሙሽራው ኮፈኑን ዘጋ፣ ሸሚዙን ወደ ሱሪው ከተተ፣ ወጥቶ ሞተሩን አስነሳ። ሲያልፍ በመስታወቱ አየኝ፤ ጥርሱ እስኪታይ ይስቃል። ባለጌ።

በሩን ዘግቼ ገባሁ። ነገ ከሰዓት ይመለሳሉ። የምመልስለትን እያሰብኩ ዋልኩ። እስካሁን ሁለት አግኝቻለሁ። ሁለቱም አይረቡም።