ስለ ተመለሱት የእናቴ ሙሾዎች አርእስት

ለክቡር አቶ አዘዘ
የጥበብ ሥራዎች መዝገብ ቤት ኃላፊ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። እኔ የፀዳዋ መምህርት ዓይናዲስ፣ የድብ ባሕሯ ሙሾ አውራጅ የወይዘሮ ወለተሩፋኤል ልጅ፣ ደጅዎን ስጠና ከያዘኝ የጉልበት ሕመም በስተቀር ደኅና ነኝ። በግጥም መድበልዎ እንዲገቡ ያቀረብኋቸውን የእናቴን አሥራ አንድ ሙሾዎች ሦስት ጊዜ ስለ መለሱልኝ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

፩. በመጀመሪያ የመለሱልኝ የመጽሐፍ አርእስት በዘመመ ፊደል፣ በውስጡ ያለ ግጥም አርእስት ግን በትእምርተ ጥቅስ ይጻፋል ብለው ነው። ሸጋ ደንብ ነው፤ ተማሪዎቼንም የማስተምረው ይህንኑ ነውና ጥፋቴን አምኜ አረምሁ። ደብዳቤዎ ይህ ደንብ የተጻፈበትን የመመሪያ መጽሐፍ ስም በአንደኛው ገጽ ከሥሩ አስምሮበት፣ በሁለተኛው በጥቅስ አስገብቶት፣ ከፊርማዎ በላይ ደግሞ እንዲሁ ትቶት ማየቴን ግን ለተማሪዎቼ አልነገርሁም። እንዲህ ያለው ነጻነት ለኃላፊዎች ብቻ የተፈቀደ ይመስለኛል።

፪. ሁለተኛ የመለሱልኝ በጥቅሱ ውስጥ የሰው ስም አግኝተው ነው። በእኛ አገር ሙሾ አርእስት አይወጣለትም፤ መጀመሪያ በተለቀሰበት ሟች ስም ይጠራል። «የአያ ይታየው» የሚባለው አያ ይታየው ሲሞቱ የወረደው ነው፤ «የዝናሽ»ም እንዲሁ በወሊድ የሞተችው የዝናሽ ነው። እርስዎ ግን ይህ ለአንባቢ አይስብም ብለው፣ ከ«የሐዘን ጎርፍ ቁጥር አንድ» እስከ «የሐዘን ጎርፍ ቁጥር አሥራ አንድ» የሚሉ አርእስቶችን በቸርነትዎ ለገሱን።

ይህን ልጠይቃቸው ድብ ባሕር ስደርስ እናቴ አልጋ ይዘው ነበር። ሙሾውን የተማረላቸው ሰው ስላልነበረ፣ ሳይሞቱ መጽሐፉን በእጃቸው መዳሰስ ብቻ ነበር የሚፈልጉት። የላኩላቸውን አርእስቶች አንድ በአንድ አነበብሁላቸው። «አንድ ጊዜ ቀብሬያቸዋለሁ፤ ምነው ደግሜ እቀብራቸዋለሁ?» አሉኝ። ስለዚህ ስሞቹን እንደ ነበሩ ይዤ ተመልሼ ለሦስተኛ ጊዜ አቀረብሁልዎ።

፫. አምስት ሳምንት አቆይተው የላኩልኝ ሦስተኛው ደብዳቤ አንድ መስመር ነው። አርእስቶቹ ከገጹ መካከል ወደ ግራ ፈቀቅ ስላሉ መድበሉ ያለ ሙሾዎቹ ማተሚያ ቤት ገብቷል ይላል። ደብዳቤው የደረሰኝ በእናቴ ሣልስት ዕለት፣ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ እንዳለ ነው። እጅግ ተናድጃለሁ፤ ይህንን በትሕትና ቃል መሸፈን አልቻልሁም።

ቢሆንም ውለታዎን አልክድም። አሥራ አንዱን ሙሾ ሦስት ጊዜ ስላስጻፉኝ፣ ሳላውቀው ሁሉንም በቃሌ ይዤአቸዋለሁ። በቀብሩ ዕለት ለአልቃሿ የሚያለቅስ ጠፍቶ ሴቶቹ እርስ በርስ ሲተያዩ፣ ተነሥቼ በእናቴ ፈለግ አዲስ ሙሾ ያወረድሁት እኔ ነኝ። ያገሩ ሰው «የወለተሩፋኤል» ብሎታል። ከዚያ ወዲህም ለቅሶ ሲኖር የሚጠሩት እኔን ነው።

መዝገብ ቤትዎ ከማንኛውም ፈቀቅታ እንዲጠበቅ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከሦስት ተመላሽ ቅጂዎች ጋር እሰናበትዎታለሁ።

መምህርት ዓይናዲስ
ፀዳ

ማስታወሻ፦ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ነገር ግን ተራው ለማንም አይቀርምና፣ የእርስዎ ቀን ሲደርስ ቤተ ሰብዎ ቢጠሩኝ ሳላመነታ እመጣለሁ። አርእስቱን ከወዲሁ አዘጋጅቼዋለሁ፤ «የአቶ አዘዘ» ይላል፤ በትእምርተ ጥቅስ፣ በደማቅ ፊደል፣ ከገጹ ልክ መካከል። ከሥሩ የሚጻፍ ስንኝ ግን እስካሁን ፈልጌ አላገኘሁም።