ከኡሙሰልማ ደጃፍ ያነሣሁት ዱላ

ይድረስ ለእህቴ ለጁሀራ፣ ድሬዳዋ

የሟች ወንድምህን ሚስት አገባህ ብለው ስሜን አበላሹት፤ የእሷንም ጡረታ አቋረጡባት። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ነው ከሰላምታው ያስቀደምኩት።

አሁን አሰላሙ ዓለይኩም ልበልሽ። እንዴት ነሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? የአገሩ ሙቀት ለልጆቹ ተስማማቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነን። ገብሱን ግን ውርጭ መታው።

ከማለዲን ወንድማችን ሲሞት አንቺ ታመሽ አልመጣሽም። ሐዘኑ ሲያበቃ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ዓይናቸውን እኔ ላይ ጣሉ። ታላቅ ወንድም የሟችን ሚስት ይወርሳል የሚለውን ደንባችንን ታውቂዋለሽ። እኔ ኡሙሰልማ እንደ እህቴ ናት፣ አልወርሳትም፣ ቤቷን ግን እጠብቃለሁ አልኩ። ሌላ ወራሽ እንዳይመጣባትም ዱላዬን ከደጃፏ አቆምኩ። በደንቡ ግን ዱላውን ያቆመ ወረሰ ማለት ነው። ቃሌን ትተው ዱላዬን ያዙ። የቀበሌው ሊቀመንበር ቱሉ አግብታለች ብሎ መሰከረ። ባሏ የሞተባት ሴት ካገባች ደግሞ ጡረታዋ ይቆማል።

ባለቤቴ ሞሚና እንኳ፣ እኔን እያወቀችኝ፣ ራቴን ወርውራ ነው ያቀረበችልኝ።

ጎባ ሄጄ የጡረታ ሠራተኛውን አያሌውን አነጋገርኩት። አባባ፣ በስተርጅና ሙሽራ ሆኑ አሉ፣ እንኳን ደስ ያለዎት አለኝ። ቢሮው ሁሉ ሳቀ። ሚስቱ የሞተችበት ሹፌር ሌላ ቢያገባ ደመወዙን ትቆርጡበታላችሁ ወይ አልኩት። እሱማ የሠራበት ነው አለ። ከማለዲን የመንግሥት መኪና ይዞ በረሃ ለበረሃ ሲዞር ከብቱንና ልጆቹን ማን ያዘለት፣ እሷስ አልሠራችም ወይ አልኩት። ሕጉን እኔ አላወጣሁት አባባ፣ ይልቅ ዱላዎን ያንሡና ሽማግሌ ይመስክር አለኝ። እምቢ ብዬ ወጣሁ።

ካድሬው በቀበሌ ስብሰባ ስለ ሴቶች እኩልነት ሲናገር ተነሥቼ እንግዲያው የጡረታው ሕግ ይስተካከል አልኩ። ሐሳብዎ ለበላይ አካል ይተላለፋል አለኝ። እስኪተላለፍ የሟች ልጆች ምን ይብሉ አልኩ። ቱሉ ይቀመጡ አለኝ፤ አልተቀመጥኩም።

በመጨረሻ ኡሙሰልማ ራሷ መጣች። ኦቦ አሊዪ፣ ልጆቼ የእርስዎን ክብር አይበሉትም፣ ያንሡልኝ አለችኝ። በማግስቱ በሽማግሌዎቹ ፊት ዱላዬን አነሣሁ፤ በዚህ ቤት ምንም የለኝም ብዬ ቃሌን አጠፍኩ።

ጡረታዋ ተመልሶላታል። እኔ ግን ደጇን ብረግጥ እንደገና ያቋርጡባታል። የወንድሜን ልጆች የማያቸው ገበያ ላይ ብቻ ነው። የአጎታችን ልጅ ሙለታም ጠባቂ የላትም ብሎ በቤቷ ዙሪያ ማንዣበብ ጀምሯል። ሴት ቤቷ ብትገባ አገባት የሚል የለምና አንቺ ቶሎ ነይ፤ ከእሷ ጋር ክረሚ።

ባለቤትሽን መሀመድአወልን ሰላም በይልኝ። አማትሽን እጅ ንሺልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ። ሞሚናም ሰላም ትልሻለች።

ስትመጪ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አትጠይቂኝ። ጽፌዋለሁ፤ ከአፌ ግን እስክሞት አይወጣም።

ወንድምሽ አሊዪ
ሮቤ፣ ኅዳር 12 ቀን 1974 ዓ.ም.