የወንድም ጋሼ ብርድ

ኅዳር 8

ጠዋት ወርክሾፑን ስከፍት ኮላው ቆርቆሮው ውስጥ ረግቶ ጠበቀኝ። ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጬ አለሳለስኩት። ከጓሯችን ያለው ይህ አዳራሽ ድሮ መጋዘን ነበር። ጣሪያው ሩቅ፣ ኮርኒስ የለው... ብርድ አንዴ ከገባ አይወጣም።

ወንድም ጋሼ ጓንት አድርጎ ገባ። አናጢ በጓንት! ሙያውን ሲያስተምረኝ ጓንት ያደረገ ሰው ባየ ቁጥር ይሳለቅ የነበረ ሰው።

ኅዳር 11

ለአንዲት የጥርስ ሐኪም የሠራነው የምግብ ጠረጴዛ ተመልሶ መጣ። ጠርዙ የሹራቧን ክር መዝዞባታል። እጄን ሳሳርፍበት እውነቷን ነው፣ ይሻክራል።

ወንድም ጋሼ የጨረሰውን ዕቃ በዓይኑ አይመረምርም። ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ይዳስሰዋል፤ መዳፉ እሺ ካለ አለቀ። ዕድሜ ልኩን እንዲህ ነው የሠራው። ይህንንም ጠረጴዛ ዳስሶ እሺ ብሎት ነበር።

"ብርዱ ነው፣" አለኝ። "ጣቴን አደነዘዘው።"

ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ማሞቂያ መግዛት አለብን።

ኅዳር 13

ሱቅ ለሱቅ ስዞር ዋልኩ። ሻጮቹ ሁሉንም ያወድሳሉ... ማራገቢያ ያለው ቶሎ ያሞቃል፤ ግን ሰጋቱራውን አንስቶ እርጥብ ቫርኒሽ ላይ ይደፋብኛል። ሽቦው ፍም የሚመስለውማ፣ ቤቱን በገዛ እጄ ላቃጥል? ዘይት ያለው ለመኝታ ቤት ደህና ነው፤ የእኛን አዳራሽ እስኪያሞቅ ግን እኛ እናረጃለን። የመጨረሻው ጠፍጣፋ ነጭ ሰሌዳ ነው። ነፋስ የለው፣ ፍም የለው። አየሩን ትቶ ከፊቱ ያለውን ሰውና ዕቃ እንደ ፀሐይ ያሞቃል አሉኝ። ልቤ እዚያ ላይ ቀረ።

ማታ ለወንድም ጋሼ ስነግረው እንጨቱ ይሰነጠቃል አለ። እትዬ፣ ሚስቱ፣ አንተ ከምትሰነጠቅ እንጨቱ ይሰንጠቅ አለችው። ሳቅን። እሱ የሳቀው ግን ለይሉኝታ ነው።

ኅዳር 16

ኤሌክትሪሻኑ መጣ። ሰፈሩ "ፊውዝ" ይለዋል፣ ቶሎ ስለሚቃጠል። ገና ቆጣሪውን ከፍቶ ሲያይ ተቆጣኝ። የመላጊያ ማሽኑና ማሞቂያው በአንድ መስመር አይሠሩም፤ ለብቻው ወፍራም መስመር መሳብ አለበት። ኮርኒስ ካልተሠራም የሚሞቀው የጣሪያው ቆርቆሮ ብቻ ነው። መቼም ልክ ነው። ሳትሞክሩ እንዳትገዙ ብሎ የራሱን ትንሽ ሰሌዳ ሊያውሰን ቃል ገባ። እየተቆጣ ደግ የሚሆን ሰው እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

ወንድም ጋሼ ዛሬ ብርጭቆ ወረቀቱ ከእጁ ወደቀበት። መውደቁን አላወቀም፤ ባዶ እጁን ጣውላው ላይ ያመላልሳል። እንዳላየሁ ሆንኩ። ለምን እንዳላየሁ ሆንኩ?

ኅዳር 19

እንዴት ብዬ ልጻፈው...

ፊውዝ ሰሌዳዋን አምጥቶ የሥራ ጠረጴዛው አጠገብ አቆመና ሰካት። እኔ ሰሌዳዋን መወልወያ ዘይት ያልነካው ጨርቅ ፍለጋ ቤት ገባሁ። ስመለስ ሙቀቱ ገና ከሩቁ ፊቴን ገረፈኝ። ደስ አለኝ። ወንድም ጋሼ መዳፉን ለጥፎባት ቆሟል።

"ማሞቂያ ያልሽው ይህቺን ነው? ለብ እንኳ አላለችም እኮ።"

እጁን ይዤ ጎተትኩት። መዳፉ... ቆዳው... አልጽፈውም። እጁን አየ፣ እኔን አየኝ፣ እንደገና እጁን አየ። አላመመውም። ምንም አላመመውም! ፊውዝ ሰሌዳዋን ነቀላት።

ኅዳር 20

ሐኪሙ ዓይንዎን ይጨፍኑ አለውና ጣቶቹን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገ። "ይሰማዎታል?" "አዎ" ይላል ወንድም ጋሼ። ሐኪሙ መርፌውን ካነሳ ቆይቷል። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

ጫማውን ሲያወልቅ አንዲት የወንበር ምስማር ሶሉን በስታ፣ ካልሲውን አልፋ... መቼ እንደገባች አያውቅም።

ስኳር ነው። ማንም ሳያውቀው ስንት ዓመት የቆየ። ነርቩን ጎድቶታል። መድኃኒቱ እንዳይብስ ያደርጋል፣ የጠፋው ስሜት ይመለሳል ብዬ ግን ተስፋ አልሰጣችሁም አለ ሐኪሙ።

ብርድ አልነበረም። እኔ ታዲያ ከሱቅ ሱቅ የምዞረው ምን ልገዛ ነበር?

ኅዳር 27

ወርክሾፑ እንደተዘጋ ነው። ወንድም ጋሼ ከመኝታ ቤት አይወጣም። እትዬ ምግቡን ይዛ ትገባለች፣ ይዛው ትወጣለች። ፈራሁ። ሰው እጁን ሲያጣ ምን ይሆናል?

ፊውዝ ማሞቂያው ይቅር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይቅር ልለው አፌን ከከፈትኩ በኋላ ትዝ አለኝ፤ እኔንም ይበርደኛል። ይህን ሁሉ ጊዜ ለእሱ ብቻ ስመርጥ ነበር። ከላይ ስቀለው አልኩት፣ እጅ የማይደርስበት ቦታ።

ኅዳር 28

ወንድም ጋሼ በመስኮት ጠራኝ። የጥርስ ሐኪሟን ጠረጴዛ አንቺ ጨርሺው አለኝ። ሌላ ነገር አላለም።

ታኅሣሥ 14

ኮርኒሱ አለቀ። ሰሌዳዎቹ በርተዋል። ወርክሾፑ ውስጥ ሹራብ አውልቄ ስሠራ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።

ረፋድ ላይ ወንድም ጋሼ እጁን በፋሻ እንደጠቀለለ መጣና በሩ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ወዲያው አልጋ ሊያሠሩ ባልና ሚስት ገቡ። ሰውዬው በቀጥታ ወደ እሱ ሄደ። ሁሉም ወደ እሱ ነው የሚሄደው። ባለሙያው እርስዎ ነዎት? አለው።

"ባለሙያዋ እሷ ናት፣" አለ ወንድም ጋሼ። "እኔ የመጣሁት ልሞቅ ነው።"

ይህን ከአፉ ለመስማት ስንት ዓመት ጓጉቼ ነበር። ዛሬ ሲለው ግን ባልሰማሁት ብዬ ተመኘሁ። ሰዎቹ ወደ እኔ ዞረው ይጠብቃሉ።

ሜትሬን አነሳሁና የአልጋውን ስፋት ጠየቅኋቸው።