የጋሼ ግራ ጎን

ጥር 4
ዛሬ ሁለት ሰርግ። ጠዋት ሙሽሪት ቤት፣ ከሰዓት አዳራሽ። እግሬ አብጧል። እንደ ሁልጊዜው አለቃዬ ጋሼ ከፊት፣ እኔ ከኋላ... ፍላሹን ይዤ፣ ሁለተኛውን ካሜራ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ። እሳቸው ሙሽሮቹን ያነሳሉ። እኔ የሚያለቅሱትን፣ የሚያዛጉትን፣ ጠረጴዛ ሥር ጫማ ያወለቁትን። ከእሳቸው ጋር ስሠራ አራት ዓመቴ። ሥራዬን እወደዋለሁ።

ጋሼ ወንበር ገጩ። ትንሽ ቆይተው ሌላ። "ሰዉ ወንበር በየመንገዱ ይዘራል" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ጥር 6
ፎቶ ቤት የሰርጉን ፎቶ ስመርጥ ዋልኩ። የጋሼን ሜሞሪ ካርድ ስከፍት የሙሽራው እናት ግማሽ ናቸው። ትከሻና አንድ ጆሮ። ቀጣዩም ላይ እንደዚያው። አንዲት አክስት አፍንጫዋ ላይ ተቆርጣለች። ሁሉም በግራ በኩል። መሃሉ ግን ጥርት ያለ ነው።

ወደ ኋላ ሄጄ የኅዳርን ከፈትኩ። ያው። የጥቅምቱ ትንሽ ይሻላል።

ጋሼ በሠላሳ ዓመት ሥራ ሰው ቆርጠው አያውቁም።

እኔ ያነሳኋቸውን በእሳቸው ቦታ አስገባሁ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ምን ብዬ?

ጥር 7
አባቴም እንዲህ ነበር የጀመረው። በግራው በኩል ያስቀመጥንለትን የሻይ ብርጭቆ እየገፋ ይደፋዋል። እናቴ ችኩል ትለው ነበር። እኔ አሥር ዓመቴ... ከጎኑ ቆሜ ምላሴን አወጣበታለሁ፣ አያየኝም። ጨዋታ ነበር የመሰለኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

ከሁለት ዓመት በኋላ በእጅ እየተመራ ነበር የሚሄደው።

ጥር 11
ቀኑን ሙሉ በግራቸው ቆምኩ። ደረጃ ሲመጣ "ደረጃ አለ" ማለት አፈርኩ። "ጋሼ፣ የሙሽሪት ቀሚስ እንዳይረገጥ" እላለሁ፤ ቀስ ይላሉ።

የአዳራሹ አስተናጋጅ ጠጋ ብሎ ሽማግሌው ጠጥተው ነው ወይ አለኝ። ሳቅኩለት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው... ሰው ማውራት ጀምሯል ማለት ነው።

ጥር 14
ዛሬ ልናገር ነበር። ሌንስ ሲወለውሉ ጠብቄ፣ ዓይንዎን ቢታዩስ አልኳቸው። የተማረረ ደንበኛ አለ ወይ አሉኝ። የለም አልኩ። ታዲያ ምን አስጨነቀሽ ብለው ወደ ሌንሳቸው ተመለሱ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ግን ከውስጥ እየነቀዝኩ ነው።

ጥር 18
ቀስ ብዬ ልጻፈው።

መድረኩ ከፍታው ወገቤ ይደርሳል። ሥሩ ሲሚንቶ። ጋሼ ከላይ፣ ሙሽሮቹ ፊት። እኔ ከታች በግራቸው። ሙሽሪት ጣቷን ዘረጋች። ቀለበቱ ሊገባ ነው... ጋሼ ሁሉም እንዲገባላቸው ወደ ኋላና ወደ ግራ ሄዱ። አንድ እርምጃ። ሁለት። እኔ ካሜራዬን ዓይኔ ላይ አድርጌ ነበር። ተረከዛቸውን አየሁት። ግማሹ አየር ላይ ነው።

ካሜራውን ለቅቄ በሁለት እጄ ጀርባቸውን ደገፍኩ። ላዬ ላይ መጡ። ወንበሮች መሃል ወደቅን። ክርኔ ተላጠ፣ እሳቸው ምንም አልሆኑም። ጭብጨባው ቀለጠ። ቀና ስንል ቀለበቱ ገብቷል።

"አነሳሽው?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"አይ፣ ጋሼ።"

ኮታቸውን አራግፈው ወደ ሙሽሮቹ ወጡ። ፍላሹ እምቢ ብሎን ነው፣ ቀለበቱን እንድገመው አሉ። ሙሽራው ተኮሳተረ። እንግዳው ማጉረምረም ጀመረ። ሙሽሪት ግን እኔን ነው ያየችው።

"እህቴ፣ እውነት ፍላሹ ነው?"

ምን ነበር አዎ ብል? አንድ ቃል... በሚቀጥለው ሳምንት ግን ሌላ መድረክ አለ። ከዚያም ሌላ።

"አይደለም" አልኳት። "ጋሼ በግራ በኩል አያዩም። ሊወድቁ ሲሉ ይዣቸው ነው።"

ጋሼ ፊታቸውን ወደ እኔ አላዞሩም። ሙሽሪት ቀለበቱን አውልቃ ለባሏ ሰጠችው። እንደገና አድርግልኝ አለችው። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ፣ "አንቺ አንሺን።"

አነሳሁ። ጋሼ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ካሜራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው።

ጥር 19
ጋሼ አልደወሉም።

ጥር 20
ፎቶ ቤት ሄድኩ፤ ልባረርም ከሆነ ቆሜ ልባረር ብዬ። ጋሼ የሉም። ባለቤታቸው እትዬ አልበም እየለጠፉ ነው። ቀና ሳይሉ ከመቼ ጀምሮ እንደማውቅ ጠየቁኝ። ሁለት ሳምንት አልኳቸው።

"እኔ ዓመት ሆኖኛል" አሉ። "እሱ በር ሲገጭ በሩን ነበር የምሰድበው።"

ማጣበቂያው እጃቸው ላይ ደረቀ። ስለ አባቴ ነገርኳቸው። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

ጥር 24
እትዬ ጋሼን እጃቸውን ይዘው ሐኪም ጋ ወስደዋቸዋል። የዓይን ግፊት ነው አሉ። የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ግን ጠዋትና ማታ በጠብታ ማቆየት ይቻላል። ግማሽ ዓመት ቢዘገዩ ኖሮ መሃሉም ይሄድ ነበር ተብሏል።

ይህን የሰማሁት ከእትዬ ነው። ጋሼ አሁንም አያናግሩኝም። የነገውን ሰርግ ለሌላ ፎቶ ቤት ሰጥተውታል።

ጥር 28
ዛሬ መጡ። በሩ ላይ ቆም ብለው አንገታቸውን ወደ ግራ አዙረው ፈለጉኝ።

"ሰው ፊት አጋለጥሽኝ።"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ለብቻዬ ብትነግሪኝስ?"

እሳቸው ራሳቸው መለሱት። "ብትነግሪኝም አልሰማሽም ነበር" አሉ። ተቀመጡ። የቅዳሜውን እኔ እንድይዘው፣ እሳቸው ተቀምጠው ሰዉን እንደሚያሰልፉ ነገሩኝ። እሺ ከማለቴ በፊት አንድ ነገር ጨመሩ። እትዬ የአባቴን ነገር ነግረዋቸዋል። በሽታው በዘር ይሄዳል ብሏል ሐኪሙ።

ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ የምፈራው ለጋሼ ብቻ አልነበረም።

የካቲት 1
ሐኪም ጋ ሄድኩ። ጋሼ አብረውኝ ነበሩ፣ አግዳሚው ላይ። አገጬን ማሽኑ ላይ አደረግሁ። ነጥብ ሲበራ ቁልፍ ተጫኚ ተባልኩ። አንዱ ሳይበራ የቆየ መሰለኝ... ወይስ በርቶ እኔ ነኝ ያላየሁት?

ደህና ነሽ አለኝ ሐኪሙ። ለጊዜው። በየዓመቱ ተመለሺ። ወንድም ወይም እህት ካለሽም አምጪ።

ወንድሜ አለ። ሾፌር ነው።

ከበሩ ሳልወጣ ደወልኩለት። ሳቀ። ዓይኑ ከእኔ የተሻለ እንደሚያይ፣ ሥራ እንደሚበዛበት፣ ሌላ ጊዜ እንደሚሆን ነገረኝ። ድምፁ የአባቴን ይመስላል።

ጋሼ ስልኩን በእጃቸው እየጠቆሙ፣ "እሺ እንዳትዪ" አሉኝ።

እሺ አላልኩም። የነገው ሰርግ ከሰዓት ነው። ነገ ጠዋት፣ ወንድሜ መኪናውን ሳያስነሳ፣ ቤቱ በር ላይ ነኝ።