የተገለበጠው በርጩማ

ውድ መምህር አንሳ፣

ስልክዎ አልነሳ አለኝ። ወደ ታማሌ ከተማ ከተዛወሩ ወዲህ ቁጥሩን ቀይረውት ይሁን አላውቅም። ይህን የምጽፍልዎ እናቴ ከተቀመጠችበት በርጩማ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ክፍል ውስጥ ካደሉን ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። የታማሌው አውቶቡስ ሹፌር አደርሳለሁ ብሎኛል። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለምጽፍ የእጅ ጽሑፌን ይታገሡልኝ።

ስለ ፋይናንስ ገበያና ተቋማት መማር በጀመርን ሰሞን ባንክ ሆነው ያጫወቱንን ያስታውሳሉ? ሁላችንም ጠመኔያችንን እርስዎ ዘንድ አስቀመጥን። ጥቂቱን ሳጥን ውስጥ አስቀርተው የቀረውን ለኋለኛው ረድፍ አበደሩ። "ባንክ ማለት ይኸው ነው፤ ያስቀመጣችሁት እዚህ የለም፣ ሌላ ሰው ዘንድ እየሠራ ነው" አሉን። ከዚያ "በሉ፣ ሁላችሁም አሁኑኑ መልስ በሉኝ!" ሲሉን ተጋፍተን ጠረጴዛዎን ሰበርነው። እኔ በሳቅ ፈርሼ ነበር። ዛሬ ሳስበው ይጨንቀኛል።

እናቴን ያውቋታል፤ ኤና ፖኩዋ፣ ሴቶቹ አለቃቸው አድርገው የመረጧት የገበያችን የዓሣ ነጋዴዎች ንግሥት። በርጩማዋ ላይ ከተቀመጠች ገበያው ይሠራል። በርጩማው ከተገለበጠ ግን ክፉ ነገር መጥቷል ማለት ነውና ሁሉም ዕቃውን ይሰበስባል። ዛሬ ጠዋት የበርጩማው እግር ላላና ምስማር ልትመታበት ገለበጠችው። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ግን የገለበጠችው ሁላችንም ከምንቆጥብበት የቁጠባ ቤት ፊት ለፊት ነበር።

መዶሻ ተውሳ እስክትመለስ ቁጠባ ቤቱ ከስሯል የሚል ወሬ ገበያውን አዳረሰው። ሴቶቹ ዓሣቸውን ለዝንብ ትተው የቁጠባ ቤቱ በር ላይ ተኮለኮሉ።

"እናንተ ሴቶች፣ እግሩ ላልቶ ነው! ምስማር ነው የፈለገው!" ብላ ጮኸች እናቴ።

"እሷማ ምን ቸገራት! የራሷን ቀድማ አውጥታ ነዋ!" አለች ሽንኩርት ሻጯ አፍሪዬ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ የተማርሽው፣ እስቲ ንገሪኝ። ቤቱ ደኅና ነው አይደለም?"

"እስከ ጠዋት ደኅና ነበር፣ እማ።"

"አሁንስ?"

ወደ ተኮለኮሉት ሴቶች ዞርኩ። ወሬው ውሸት ነው፤ ሁሉም ካመነው ግን እስከ ማታ እውነት ይሆናል። ይህን እርስዎ አስተማሩን፤ እንዴት እንደሚቆም ግን ሳይነግሩን ሄዱ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እናቴ ያጠራቀመችው፣ የእኔ ትምህርት፣ የሴቶቹ ሁሉ ጥሪት እዚያ ቤት ውስጥ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ከቁጠባ ቤቱ አንድ ሠራተኛ በጓሮ ዞሮ መጣና በጆሮዋ አንሾካሾከ። "እመቤቴ፣ በጓሮ በር ይግቡና የእርስዎን እንስጥዎ። ብቻ ሴቶቹን ያረጋጉልን።"

እውነቱን ልንገርዎ? "ሂጂ፣ እማ፣ ሂጂ" እያልኩ በሆዴ ለመንኳት።

"በጓሮ ወጥቼ ወደ ገበያዬ በየት በኩል ልመለስ ነው?" አለችው። ምስማሩን መትታ በርጩማዋን አነሣች፤ ሰልፉን ሰንጥቃ ሄዳ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀመጠች። "እኔ የመጨረሻዋ ነኝ! ከእኔ በፊት ሁላችሁም ውሰዱ። ልብ ያላችሁ ግን ዓሣችሁን ድመት ሳይጨርሰው ተመለሱ!"

አንዳንዶቹ ሳቁ። ጥቂቶቹም ተመለሱ። ብዙዎቹ ግን እስካሁን እንደቆሙ ናቸው።

ንግሥት ከተቀመጠች ወደ ኋላ አትዞርም። ስለዚህ እየተነሣሁ በመስኮቱ መስታወት ወደ ውስጥ የማየው እኔ ነኝ። ገንዘብ ከፋዩ ጊዜ ለመግዛት አንዱን ሰው ደጋግሞ ያስፈርማል። ቅድም መሳቢያውን ሲስበው ገንዘቡ ሳስቶ የመሳቢያው ወለል ታየኝ።

"ምን ታያለሽ?" አለችኝ እናቴ፣ ፊቷን ከሴቶቹ ሳታነሣ።

"እየከፈሉ ነው፣ እማ።"

ጀርባዋን ቀና አደረገች። ይህን ያዩ ሁለት ሴቶች ከሰልፉ ወጥተው ወደ ዓሣቸው ሄዱ።

ውድ መምህር፣ በጣም ፈርቻለሁ። እነዚያ ሁለት ሴቶች የሄዱት እሷን አምነው ነው፤ እሷ የተቀመጠችው ደግሞ እኔን አምና። ወረቀቱ እስኪደርስዎ ነገሩ ይለይለታል። ደግ ከሆነ እናቴ የተጨሰ ዓሣ ትልክልዎታለች። ካልሆነም፣ አደራ፣ ለአዲሶቹ ተማሪዎችዎ ያንን የጠመኔ ጨዋታ ሲያጫውቱ በሩ ላይ አንዲት ሴት ያስቀምጡ።

ተማሪዎ ዱፊዬ፣
ከበርጩማው ሥር